የድሮ ዝነጣ ለዘወትር፦ ከእናት ሳጥን፣ ከሰልባጅ፣ ከልብስ ሰፊ ወይስ ከቡቲክ?

ከጃንሆይ ዘመን የተረፈ የፎቶ ቤት ፎቶ የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እናት ጎፈሬዋን አበጥራ፣ ከጉልበት ከፍ ያለ ቀሚሷን ለብሳ፤ አባት ደግሞ ጭኑ ላይ ልክክ ያለ ቤልቦተም ሱሪና ኮሌታው የሰፋ ሸሚዝ አድርጎ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ። ቀድሞ ልጆች በዚህ ፎቶ ይስቁ ነበር። አሁን በስልካቸው አንስተው ልብስ ሰፊ ዘንድ ይዘውት ይሄዳሉ።

ያንን ዝነጣ ለፎቶ ብቻ ሳይሆን በአዘቦት ቀን፣ ሥራ ቦታም ታክሲ ውስጥም ልልበሰው ለሚል ሰው መንገዱ አራት ነው። የቤተሰብ ሳጥን መክፈት፣ ሰልባጅ መፈለግ፣ ለልብስ ሰፊ ማዘዝ፣ ወይም በድሮ ሞድ የተሰፋ አዲስ ልብስ ከቡቲክ መግዛት። አብዛኛው ሰው አንዱን ይመርጥና ከራስ እስከ እግሩ ከዚያው ልልበስ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚመረጠው በልብሱ ዓይነት ነው። ካፖርትና ጃኬት ከሰልባጅ፤ ቀሚስና ሱሪ ከልብስ ሰፊ፤ ነጠላ፣ ጌጥ፣ ሰዓትና ቦርሳ ከሳጥን፤ ጫማ ደግሞ አዲስ። ለምን እንደዚያ እንደምል በየተራ እናገራለሁ፤ ቡቲኩን ቶሎ አልፈዋለሁ፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ግን እንቆያለን።

መጀመሪያ ዘመኑን ለዩ

በእኛ አቆጣጠር የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ አለባበስ አንድ አይደለም። በ1950ዎቹ ወንዱ ጠበብ ያለ ሱፍ ከነሰደርያው፣ ቀጭን ከረባትና በደንብ የተወለወለ ጫማ ያደርጋል። ሴቷ ወገቡ የጠበቀ፣ ከወገብ በታች የሚሰፋ፣ ከጉልበት ዝቅ ያለ ቀሚስ ከትንሽ የእጅ ቦርሳ ጋር ትይዛለች። 1960ዎቹ ሲገባ ቀሚሱ አጠረ፣ ሱሪው ከጉልበት በታች ሰፋ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ረዘመ፣ የጫማው ተረከዝ ወፈረ። ለውጡ በሰላም አልመጣም። መጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት በተማሪዎች ተቃውሞ ታምሷል፤ ሚኒ ቀሚሱን የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለውት። ስለዚህ የዛሬ አያቶች «የዘንድሮ ልጆች አጭር ለበሱ» ሲሉ ጸጥ ብላችሁ የፎቶ አልበሙን አምጡላቸው። ከ1966 በኋላ ካኪው መጣ፣ ሰዓት እላፊው መጣ፣ የማታ ዝነጣ ተዳፈነ።

ለዘወትር የትኛው ይሻላል? ቢሮ የምትገቡ ከሆነ የ1950ዎቹን ምረጡ። ማንም ዞር ብሎ ሳያያችሁ ሽክ ትላላችሁ። የ1960ዎቹ ለቅዳሜና እሑድ፣ ለሙዚቃ ምሽት፣ ለጓደኛ ልደት ነው። ድምፃዊ አለማየሁ እሸቴን ኤልቪስ ያሰኘው አለባበስ መድረክ ላይ ያምር ነበር፤ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ግን ትንሽ ይበዛል።

ከውጭ በኢንተርኔት የምታዙ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ። ሻጩ «ሲክስቲስ» ብሎ ሲጽፍ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከ1952 እስከ 1962 አካባቢ ማለት ነው። የእናታችሁን የ1967 ፎቶ የሚመስል ቀሚስ የምትፈልጉ «ሰቨንቲስ» የሚለው ውስጥ ነው የምታገኙት።

የእናት ሳጥን

ከዚህ መጀመር ያለበት ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ስለማይሰጥም ነው። «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው ስንት የጋባርዲን ካፖርትና የሐር ሻሽ በፕላስቲክ ጆግና በሳፋ ለውጦ እንደወሰደ ፈጣሪ ይወቀው። እናቶቻችን ለእሱ የሚሰጡት «ያለቀለት» ያሉትን ነው፤ የእኛ ዓይን የሚፈልገው ደግሞ ያንኑ ነው። ስለዚህ ቀድሞ መናገር ነው።

«እማዬ፣ ይቺን ልውሰዳት?»

«ውሰጃት። እንዳታስቆርጫት ብቻ።»

ይህን ቃል አክብሩ እላለሁ። የሰርግ ልብስ፣ የጥበብ ቀሚስ፣ የአባት ካባ መቀስ አይነካውም። ሞዱን ከወደዳችሁት አስቀድታችሁ አሰፉ፤ ዋናው እንደነበረ ሳጥኑ ውስጥ ይመለስ።

ልብሱን ስታወጡ መስኮት ዘንድ ወስዳችሁ ለብርሃን ዘርጉት። ብል የበላው ቦታ እንደ ብርሃን ነጠብጣብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ብብቱን እዩ፤ ላብ የቆየበት ሐር ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱንም ያጣል። ለዓመታት ታጥፎ የቆየበትን መስመርም ዳሱ። በሁለት አውራ ጣታችሁ ጨርቁን በቀስታ ለጠጥ አድርጉት። ጸጥ ብሎ ከተለጠጠ ደህና ነው፤ ጠረር ብሎ ከተሰነጠቀ ጨርቁ ሞቷል፣ በመርፌ አይድንም። እንዲህ ያለውን ለናሙና አስቀምጡት፤ ልብስ ሰፊው ዘንድ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ከዚያ ገልብጡት። የድሮ ልብስ ሰፊ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተው ነበር፤ ባለቤቷ ብትወፍር፣ ብትወልድ ብሎ። የዛሬ የፋብሪካ ልብስ ይህ የለውም። ትርፉ ካለ ቀሚሱ ይሰፋል ማለት ነው፤ ግን የድሮው የስፌት መስመር የመርፌ ቀዳዳና ያልደበዘዘ ቀለም ይዞ ይወጣል። አበባ ያለበት ጨርቅ ላይ አያስታውቅም። በአንድ ቀለም ጨርቅ ላይ ግን ሁልጊዜም ይታያል፤ ያኔ ቀበቶ ወይም ከላይ የሚደረብ ሹራብ ይሸፍነዋል። የብረት ዚፕ እንቢ ካለ አትጎትቱት። ሻማ ጥርሱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች አሹበት፣ ይለሰልሳል። ላስቲክ ያለበት ነገር ሁሉ ላስቲኩ ደርቋል ብላችሁ አስቡ፤ እሱን መቀየር ቀላል ነው።

ችግሩ ልክ ነው። እናቶቻችን በዚያ ፎቶ ላይ ሃያ ዓመታቸው ነበር፣ ወገባቸውም እንደዚያው። ለዚህ ነው ከሳጥኑ ቀሚስና ሱሪ ከመጠበቅ ይልቅ ልክ የማይጠይቀውን መውሰድ የሚሻለው። ነጠላው፣ ሻሹ፣ ቦርሳው፣ የአንገት ጌጡ፣ የአባት ከረባት። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ካለ ለአሮጌ ሰዓት ሠሪ አሳዩት፤ ከተጠረገና ዘይት ካገኘ በየማለዳው እየሞላችሁ ታስሩታላችሁ። የመነጽር ፍሬም ካለ ደግሞ ብዙ መነጽር ቤቶች በራሳችሁ ቁጥር መስተዋት ይገጥሙበታል። ፊት ላይ ያለ አንድ የ1950ዎቹ ፍሬም ከሙሉ ልብስ የበለጠ ይናገራል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

የሀገር ልብስ ለብቻው መታየት አለበት። በእጅ የተፈተለ የድሮ ነጠላ ከዛሬው በክብደቱ ይለያል፤ ትከሻ ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ አይንሸራተትም። ጥበቡ ብዙውን ጊዜ ጠባብና ቀለሙ ቁጥብ ስለሆነ ከካፖርትም ከጂንስም ጋር ይሄዳል። ስታጥቡት በቀዝቃዛ ውኃ፣ በእጅ፣ ለብቻው፤ የድሮ ጥበብ ቀለም ሊለቅ ስለሚችል መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጫፉ ላይ ጫን አድርጉና እዩ። ስታስቀምጡት ደግሞ ጠቅልሉት እንጂ አታጥፉት፤ መታጠፊያው ላይ ነው የሚበጣጠሰው።

ሰልባጅ

ካፖርት ከዚህ ነው የሚገዛው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐምሌ ማለዳ ታክሲ የጠበቀ ሰው ሱፍ ካፖርት ለምን እንደሚያስፈልግ አስረጂ አይሻም። ከፈረንጅ ብርድ የመጣ፣ ሙሉ በሙሉ ሱፍ የሆነ ካፖርት አዲሱን ልግዛ ብትሉ ኪሳችሁ አይችለውም። ሰፈር ላሰፋ ብትሉ ደግሞ ከባድ ነው፤ የካፖርት ደረትና ኮሌታ ውስጡ በብዙ ንብርብር ጨርቅ የተያዘ ነው፣ ያንን በእጁ ሰፍቶ የሚያቆም ባለሙያ በየመንደሩ አይገኝም።

ሰልባጅ የዕድል ገበያ ነው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ ዕቃው አንድ ሳምንት ይሞላል፣ ሌላ ሳምንት ይጠፋል። ዘዴው አንድ ነጋዴ መልመድ ነው። ቦንዳ (የታሰረው የልብስ ጥቅል) የሚፈታበትን ቀን የሚነግራችሁ፣ «ያቺን የመሰለች መጥታለች» ብሎ የሚደውልላችሁ ሰው። ያለዚያ የደረሰላችሁ ሌላው የተወው ነው። ዋጋ ስትከራከሩ ደግሞ «ቪንቴጅ» (የቆየ ተፈላጊ ልብስ) የሚለውን ቃል አፋችሁ ውስጥ አስቀሩት፤ ሲሰማው ዋጋው እጥፍ ይሆናል።

ካፖርቱን ስታገኙ ከመልበሳችሁ በፊት ኮሌታውን ገልብጡ። ከሥሩ በዲያጎናል የሄዱ ትንንሽ የእጅ ስፌቶች ካያችሁ ሰውየው በእጁ ነው ያቆመው፤ ኮሌታው ስትገለብጡት ራሱ ተመልሶ ይጠቀለላል። በካውያ የተጣበቀ ከሆነ ግን ጠፍጣፋ ይሆናል፣ አንዳንዴም ደረቱ ላይ አረፋ አረፋ ያወጣል። እሱን ተዉት፣ አይስተካከልም። ቀጥሎ ትከሻው። የትከሻው ስፌት ከትከሻችሁ አጥንት ጫፍ ላይ ካልወደቀ አትግዙት፤ እጅጌ ያጥራል፣ ወገብ ይጠባል፣ ገበር ይቀየራል፣ ትከሻ ግን ከተፈታ ልብሱ እንደገና ተሰፋ ማለት ነው። የ1970ዎቹ መጨረሻና የ1980ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ) ካፖርቶች ትልቅ የትከሻ ስፖንጅ አላቸው፤ ስፖንጁን ማውጣት ቀላል ቢመስልም ትከሻው ባዶ ከረጢት ሆኖ ይቀራል።

ዕድሜውን ለማወቅ ውስጡ ያለውን ምልክት አንብቡ። «ዌስት ጀርመኒ» የሚል ካለ ከ1990 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። የአሜሪካ ልብስ ሆኖ የአስተጣጠብ መመሪያ ጨርቅ የተሰፋበት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ1972 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ሕጉ የመጣው ያኔ ነው። የአሜሪካ የሴቶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበር ምልክት ያለበት ደግሞ ከ1995 እ.ኤ.አ. አይዘልም፤ ማኅበሩ በዚያ ዓመት ከሌላ ጋር ተዋህዷል። ቀሚስ ከሆነ ዚፑን እዩ። ብረት ከሆነና በጎን በኩል ከተሰፋ የቆየ ነው የመባል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የናይለን ዚፕ በብዛት የገባው በፈረንጆቹ 60ዎቹ መጨረሻ ነው።

ሱፍ ነው ብሎ የሸጠላችሁ ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዝዛችሁ ደጅ ላይ አቃጥሉ። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፣ አመዱ በጣት ይፈጫል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ጠብታ ከሆነ ፖሊስተር ነው። ቤት ከመግባቱ በፊት ደግሞ ብል ይዞ እንዳይመጣ በላስቲክ አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አሳድሩት፤ ሽታው እንዲለቅ ጥላ ላይ ስቀሉት እንጂ ፀሐይ ላይ አታውሉት። ከዚያ ላውንድሪ።

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ከሁላችንም ዕድለኞች ናችሁ። ጉድዊልና መሰሎቹ ያገለገለ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች በየሠፈሩ አሉ፤ ሀብታም ሠፈር ያለው ሱቅ ውስጥ የሚወድቀው ካፖርትም እንደ ሠፈሩ ነው። ልብ በሉ፣ የዱሮ ቁጥር የዛሬ ቁጥር አይደለም። በፈረንጆቹ 60ዎቹ 12 የተባለ ቀሚስ ዛሬ ከ6 ወይም ከ8 ለሚበልጥ ሰው አይሆንም። ሁልጊዜ በሜትር። ልብሱን ጠፍጣፋ ዘርግታችሁ ከብብት ብብት ለኩ፣ በሁለት አባዙ፣ ከደረታችሁ ልክ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር መብለጡን አረጋግጡ። ለካፖርት አሥርና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ከሥር ሹራብ አለ። ኤትሲ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የምትገዙ ከሆነ ድርጅቱ ቪንቴጅ የሚለው ቢያንስ 20 ዓመት የሞላውን ነው፤ ስለዚህ የፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ልብስ በዚያ ስም ቢሸጥ ሻጩ አልዋሸም፣ እናንተ ግን ያሰባችሁት ላይሆን ይችላል።

ልብስ ሰፊ

ለቀሚስ፣ ለጉርድና ለሱሪ ከዚህ የሚሻል የለም። ልኩ የእናንተ ነው፣ ጨርቁን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ ሲበላሽም የት እንደምትወስዱት ታውቃላችሁ። ግን ሥራው ግማሹ የእናንተ ነው።

ፎቶ ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። ፎቶ ጀርባውን፣ ዚፑ የት እንዳለ፣ ጉርዱ ስንት ቁራጭ እንደሆነ አያሳይም። ሳጥኑ ውስጥ ያገኛችሁት ጨርቁ የሞተ ልብስ እዚህ ነው የሚፈለገው። ልብስ ሰፊው ፈትቶ እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ ይቀዳዋል፣ በእናንተ ልክ ይሰፋዋል። ቁልፎቹን አትጣሉ፤ አዲሱ ላይ ይተከላሉ። የጎደለውን ቁልፍ ወይም የብረት ዚፕ ለመሙላት መርካቶ ምን አለሽ ተራ መዞር ያዋጣል፣ ያላሰባችሁትም ይገኛል።

ማንን ትመርጣላችሁ? ፀጉሩ የሸበተውን። ይህን ስል ወጣቶቹን ማሳነሴ አይደለም፤ ለዛሬ ሱሪ እነሱ ይበልጣሉ። ቤልቦተም ግን በልጅነቱ የሰፋው ሰው እጅ ላይ ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ እስከ ጉልበት ልክክ ይበል። ከጉልበት በታች ነው የሚሰፋው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። የኛ ጊዜ ሱሪ ነው'ኮ!»

ወጣቱ ከጭን ጀምሮ እኩል ያሰፋውና ሰፊ ሱሪ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የስፋቱን መጠን በቁጥር ተስማሙ። ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲለካ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለመድረክ ነው፤ ለዘወትር 25 ወይም 26 ይበቃል። ርዝመቱ ደግሞ የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ይለካ፣ ከመሬት አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከዚያ ካነሰ ክረምት ላይ የመንገዱን ጭቃ እየጠረጋችሁ ቤት ትገባላችሁ።

ጨርቅ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የዛሬ ቀጭን፣ የሚለጠጥ ፖሊስተር ምንም ያህል በድሮ ሞድ ቢቆረጥ እንደ ድሮው አይወድቅም። የድሮ ልብስ ቅርጹን የያዘው በክብደቱ ነው። ለሱሪ ጋባርዲን ወይም መካከለኛ ክብደት ያለው ሱፍ፤ ከወገብ ለሚሰፋ ጉርድ ጠንከር ያለ ጥጥ፤ ለሸሚዝ ፖፕሊን። «የድሮ ልብስ ሁሉ ጥጥና ሱፍ ነበር» የሚሉትንም አትመኑ። የዚያ ዘመን ዘናጭ የሚኮራበት ቴትሮን የሚባለው ፖሊስተር ያለበት ጨርቅ ነበር፣ ስለማይጨማደድ። በሙቀት ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን የለበሰው ያውቃል፤ እዚህ ላይ ለዘመኑ ታማኝ መሆን ግዴታ አይደለም።

መጠኑን በግምት፦ የጨርቁ ወርድ 150 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለሱሪ አንድ ሜትር ተኩል፣ ለቀጥ ያለ ቀሚስ ሁለት ሜትር ተኩል ይበቃል። ሙሉ ክብ ለሚሆን ጉርድ አራት ሜትር ድረስ ሊሄድ ይችላል። ጥጥ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት እጠቡትና ተኩሱት፤ ልብስ ከሆነ በኋላ ከሚጠብ አሁን ይጥበብ። ውድ ጨርቅ ከገዛችሁ ደግሞ መጀመሪያ በአቡጀዲ ይስፉላችሁ። ብዙ ልብስ ሰፊ «አያስፈልግም» ይላል፤ ተከራከሩት፣ የአቡጀዲውን ዋጋና የድካሙን ክፈሉት። ልኩ አቡጀዲው ላይ ተስተካክሎ ሲያልቅ ያው አቡጀዲ ለሚቀጥለው ቀሚስም መቁረጫ ይሆናችኋል።

ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። ጎንና ጎኑ ላይ እንደ ድሮው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ትርፍ ይተው። ገበር ይኑረው፤ ገበር የሌለው ጉርድ እግር ላይ ይጠመጠማል። የ1950ዎቹ ቀሚስ ከሆነ ደግሞ ወገቡ በትክክለኛው ወገብ ላይ ይሁን፤ ዛሬ ሁሉም ወገብን ዳሌ ላይ ስለለመደው ሳይጠይቅ ያወርደዋል፣ ያኔ የቀሚሱ ነገር አለቀለት።

ቡቲክ

በድሮ ሞድ የተሰፋ አዲስ ልብስ ፈጣን ነው፣ በቁጥራችሁ ይገኛል፣ በማሽን ይታጠባል። ሌላ የምመሰክርለት የለኝም። ጨርቁ ቀጭን ነው፣ ውስጡ ትርፍ የለውም፣ ነጭ ነጥብ ያለበት ጥቁር ቀሚስ ሲበዛ ደግሞ ሁሉም አንድ ቦታ የገዛ ይመስላል። ለአንድ ምሽት ከሆነ ይሁን።

ጫማ ግን ልዩ ነው። የድሮ ጫማ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዟል፣ ለዘወትር አይሆንም። ሳጥን ውስጥ ሳይደረግ የቆየ እንኳ አይታመንም፤ የፖሊዩሬቴን (የፕላስቲክ ዓይነት) ሶል ተቀምጦም ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ውስጥ ውስጡን ይፈርሳል፣ አንድ ቀን መንገድ መሃል ይበተናል። ሶሉ ቆዳ ከሆነ ብቻ ለጫማ ሠሪ አሳዩት። ያለዚያ በሀገራችን ቆዳ ባለክርም ሆነ አጭር ተረከዝ ያለው ጫማ በድሮ ቅርጽ ማሠራት ይቻላል፤ ቅርጹን እንጂ ዕድሜውን አትፈልጉ።

ሲለበስ

ገንዘብ ያጠረው በሳጥኑና በአንድ ሰልባጅ ካፖርት ይጀምር። ጊዜ ያጠረው ቡቲክ ገብቶ ቀሚሱን ቢገዛም ቁልፎቹን በድሮ ቁልፍ ያስቀይር፤ ለውጡ የሚገርም ነው። ሁለቱም ያለው አንድ ጥሩ ሱሪና አንድ ጥሩ ቀሚስ ያሰፋ፣ ሌላውን ቀስ ብሎ ይሰብስብ።

ከራስ እስከ እግር የአንድ ዘመን ልብስ አድርጎ የወጣ ሰው ትያትር ቤት መድረኩን ጥሎ የመጣ ይመስላል። በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የድሮ ነገር በቂ ነው። የአባት የሱፍ ጃኬት ከጂንስ ጋር። የ1950ዎቹ ጉርድ ከተራ ነጭ ቲሸርት ጋር። የእናት ነጠላ ከካፖርት ላይ። ፀጉር ላይም እንዲሁ። ቀሚሱ የ1960ዎቹ ከሆነ ሹሩባ ብትሠሩ ከጎፈሬው የበለጠ የራሳችሁ ያደርገዋል፤ ለጎፈሬ ደግሞ ቀሚሱ የዛሬ ይሁን። በቢጉዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ የተቀመጠ ፀጉር ለሰርግ ይቆይ፣ ዝናብ አይወድም።

ታክሲ ነገርም አለ። ጠባብ ጉርድ ለብሶ ሚኒባስ ላይ መውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ስታሰፉ ከኋላ ቅዳጅ እንዲኖረው ንገሩ፣ ልብስ ሰፊው ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነሥታችሁ ሞክሩት። ቀላል ቀለም ያለው ካፖርት በክረምት የታክሲ በር ቆሻሻ ሁሉ ይሰበስባል፤ ሰልባጅ ስትመርጡ ወደ ጥቁር ግራጫና ወደ ቡናማ አድሉ።

ለልብስ ሰፊ ትዕዛዝ የምትሰጡበትም ጊዜ አለው። ዘመን መለወጫ፣ ገና ወይም ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሄደ ሰው «ነገ ና» ሲባል ይከርማል። ዐቢይ ጾም እንደገባ ግን ሰርግ የለም፣ የሚቸኩል ደንበኛም ይቀንሳል። ጨርቁንና ናሙናውን ያኔ ውሰዱ፤ ለአቡጀዲ ሙከራውም ለቅያሪውም ጊዜ ይኖረዋል፣ ለፋሲካ ይደርሳል።